እንግዳ ስላሳደረችው ስለ እታለም የቀረበ ምስጋና

ሰቆጣ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳችን ዳኛ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ/ በዚህ የድርቅ ዓመት ግርሻ የሚሉት ተላላፊ ትኩሳት ከቆላ ወጣ ተብሎ፣ ከአበርገሌ የመጣ እንግዳ ያሳደረ ሁሉ ይታሰር የሚል ትእዛዝ ሲወጣ፣ እኔን፣ ቄስ ገብረ ኢየሱስንና አቶ ጓንጉልን በሽማግሌነት ከጎንዎ አስቀምጠው አብረን እንድንፈርድ ስላከበሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የቀረበችው እታለም ነበረች፤ ደጇ ላይ የወደቀች ነፍሰ ጡር ያስገባች ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን። አልካደችም። «ትእዛዙን ሰምቻለሁ ጌታዬ። ግን ከደጄ ሞታ ብታድር፣ በነጋታው በዚያ ደጅ እንዴት እወጣለሁ?» አለች።

ጓንጉል ታናሻችን ነውና እንደ ወጉ ቀድሞ «እንግዳ አሳድራለች፤ ጥፋት ግን የለባትም» ሲል ፈረደ። ቄሱም እኔም ያንኑ ደገምን። ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው «ማሳደሯን አምናችኋል፤ ይበቃል። ሕጉን ዳኙ አላልኋችሁም» አሉን። «ማሳደሯንማ እሷም ነግራዎታለች፤ ታዲያ እኛን ለምን ጠሩን?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስዎን እስከ ዛሬ በአክብሮት እጠብቃለሁ።

፪ኛ/ ስድስት ወር ብቻ ስለፈረዱባት አመሰግናለሁ። ያንንም አልጨረሰችውም። ጤነኛ ሆና የገባች ሴት፣ ሰው በሰው ላይ ከሚተኛበት ወህኒ ግርሻ ይዟት ሞተች። እንግዳዋ ግን በሰላም ተገላግላ ወደ አገሯ ተመለሰች።

፫ኛውን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። የእታለም ቤት ባዶ ነው። ከቆላ የሚወጡት ግን ደግነቷን እንጂ መሞቷን አልሰሙም። ሲመሽ ከአጥሯ ቆመው «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!» ይላሉ። እኛ ጎረቤቶች ኩራዛችንን አጥፍተን እንሰማለን። ይጠራሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ደግመው ይጠራሉ። አንዳንዴ እሷ «ግቡ» ስትል የሰማሁ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ አገኘሁሽም ሰምታለች። ጠዋት ከአጥሩ ሥር ያገኘነውን እንቀብራለን። ሕጉ ተከብሯልና ደስ ይበልዎ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለደጅዎም ጸጥታን የሚመኝልዎ፣
እንዲፈርድ ተጠርቶ እንዲቀመጥ ብቻ የተፈቀደለት፣
መሪጌታ አሥራተ ማርያም

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሲመሽ አገኘሁሽ ኩራዙን አብርታ በራችንን ከፈተች። ከአበርገሌ የመጡ አንድ አዛውንትና የልጅ ልጃቸው እቤታችን ናቸው፤ ልጅቱ ትኩሳት ይዟታል። እኔንም ባለቤቴንም ችሎት ሲያቀርቡን ሽማግሌዎች ማስቀመጥዎን አደራ። ማሳደራችንን ስለማንክድ ግን፣ የሚጠይቋቸውን ሌላ ነገር ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።