የተዋስሁት አጉሊ መነጽር

ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር፣ ሱዳን፣ ሰኔ ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእንግዳው፤ የካርቱም ሙቀት አላቀለጠህም ወይ? እኔና እናትህ ሸጊቱ በፈጣሪ ቸርነት አለን።

የላክኸውን የሌንስ ጥያቄ ሠርቼዋለሁ። የትኩረት ርቀቱ አሥር ሳንቲሜትር የሆነ ሌንስ፣ ሠላሳ ሳንቲሜትር የራቀውን ሻማ በማዶው አሥራ አምስት ላይ በግማሽ አሳንሶና ገልብጦ ያሳያል። አስተማሪህ ከተጠራጠረ ወደ እኔ ላከው፤ ከሰዓት ሠሪው ከሱሩር አጉሊ መነጽር ተውሼ ሞክሬዋለሁ።

መነጽሩን ሳልመልስ ለእናትህም አስያዝኋት። ደብዳቤህን ማታ እንደ ድሮው ራሷ አነበበችልኝ፤ ወረቀቱን ግን ዘቅዝቃ ነበር የያዘችው። ያልጻፍኸውን ሰላምታ ሁሉ አወጣችበት! «አንቺስ ከልጅሽ ትበልጫለሽ» ብያት ተሳሳቅን።

አመሻሽ ላይ ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው። ጎረቤታችን እናኑ «አየነው አርጅቶ በእህቱ ይመራል» ትላለች፤ እኔም እያነከስሁ እሄድላታለሁ። ከራሽን ስንዴ በቀር ብዙ ጊዜ ሌላ አልቀመስንም ነበር፤ አሁን ግን ጤና ጣቢያው የዓይን እንክብል ሰጥቷታል፣ እኔም ጎመን ተክያለሁ። ይጸድቃል።

ፈተናህን እንደጨረስህ ና። ገዳሪፍ ስትደርስ ከመሸብህ እዚያው እደር። እኛ ዘንድ ረፋድ ላይ ግባ፤ ፀሐይ ሳለ እናትህ አይታ ትጥገብህ።

በደኅና ያገናኘን።

በፊዚክስ የሚያስከነዳህ አጎትህ፣
አየነው