የጋሽ ብሎን የሕይወት ታሪክ፣ ከአሮጌዋ መኪናቸው ጋር

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ብሎን እያለ የሚጠራቸው ታናሽ ወንድሜ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በግንቦት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። መታወቂያቸው ላይ ሰኔ ይላል፤ ስህተት ነው። ያን ቀን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ውሃ ያሞቅሁት እኔ ነኝ እንጂ መታወቂያውን የሞላው ጸሐፊ አይደለም። በሕይወት ሳሉ አንተ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። ሚስታቸውን እንደ ልማዴ እጠራታለሁ፤ ቅር ካላት በሕይወት አለች፣ ትነግረኛለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን ስናገር የጻፈችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ምንም እንዳታሳምር አስምያታለሁ።

ወንድሜ ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ቤታችን አንድ ልጅ ለማስተማር እንጂ ለሁለት አቅም አልነበረውም፤ እሳቸው ተላኩ፣ እኔ ቀረሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸታም እባላለሁ። በአሥር ዓመታቸው የእናታችንን የስፌት መኪና ፈታትተው ወለሉ ላይ ደረደሩት። እናታችን ከገበያ ስትመለስ ራሷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አንድ በአንድ መልሰው ገጠሙት፣ ሠራም፤ ግን አንዲት ብሎን ተረፈቻቸው። ከየት እንደወጣች ሳያውቁ በኪሳቸው ይዘዋት ዞሩ። ስሙ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ጋራዥ ገብተው ሙያ ተማሩ፣ መንጃ ፈቃድም አወጡ። በ1966 ዓ.ም. በአንድ የውሃ ቁፋሮ መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ተቀጠሩ። ዛሬ ስሟ ሲነሣ የምትሰሙት ፎር ዊል መኪና እዚያ የተሰጠቻቸው ናት። ያኔ አዲስ ነበረች፤ አራቱም እግሯ ይጎትታል፣ ጭቃ አይዛትም። መንገድ በሌለበት አገር ቆፋሪዎችን ጭነው ሃያ ዓመት ነዱ። አልገለበጡም፤ አንድም ሰው ሜዳ ላይ ጥለው አልመጡም። በሕይወት የቀሩት ቆፋሪዎች ዛሬ ከፊታችሁ ቆመዋል፣ ጠይቋቸው።

በ1972 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት የነበረችውን ባለቤታቸውን አገቡ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ወንዱ የሒሳብ መምህር ነው፣ ሴቷ የመድኃኒት ባለሙያ። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ይህን የምለው ስለምወዳቸው አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ መኪኖች ሲያስገባ ያቺን አሮጌ «አገልግሎቷን ጨርሳለች» ብሎ ጓሮ ጣላት። ወንድሜ «እሷ ካበቃላት እኔም አብቅቶልኛል» ብለው ገዟት፤ በጭነት መኪና አስጎትተው ግቢያቸው አስገቧት። ባለቤታቸው እጇን አገጯ ላይ አድርጋ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ይሄን ምን ልታደርገው ነው?»

«ላስነሳው ነዋ!»

«ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ የኖሩት ሠላሳ አንድ ዓመት ነው መልሱ።

በመጀመሪያ ሞተሩን አወረዱ። ዝናብ እንዳያገኘው ብለው ዕቃውን ቤት ውስጥ አስገቡት። ፒስተኖቹ አልጋ ሥር፣ ማርሹ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ጥቃቅኑ ሁሉ የሕፃናቱ ልብስ ይታጠብበት በነበረው ሳፋ ውስጥ በናፍጣ ተዘፍዝፎ። ልጆቹ ጥናታቸውን ያጠኑት መስኮት ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ተይዟል። እኔ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ወንበር ስስብ ካርቡራተር ላይ ልቀመጥ ነበር። ሚስታቸው መኪናዋን «ጣውንቴ» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። «ጣውንቴ ዛሬ ምን አማራት?» ትላለች፤ እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ኩሽኔታ» ይላሉ።

በሦስተኛው ዓመት ተነሣች። ጢሱ የጎረቤቱን ልብስ ሁሉ ከማድረቂያ ገመድ ላይ አጠቆረው፤ ግን ያዘነ ሰው አልነበረም፣ አጥር ላይ ወጥተው አጨበጨቡ። በ1991 ዓ.ም. ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው የአንድ ጎረቤታችንን ሚስት ምጥ ይዟት ሌላ መኪና አላልፍ ሲል፣ ወንዙን በዚያች መኪና አቋርጠው ሐኪም ቤት አደረሷት። የተወለደችው ልጅ ዛሬ አበባ ይዛ ቆማለች። ይህን ያነሣሁት መኪናዋ ጓሮ የቆመች ቆርቆሮ ብቻ ነበረች እንዳትሉ ነው።

ወንድሜ ግን በመነሣቷ ረክተው አልተቀመጡም። ቤንዚን ትበላለች ብለው ሞተሯን በናፍጣ ሞተር ለወጡ። መሪው እጅ ያደክማል ብለው በዘይት የሚታገዝ መሪ አስገቡላት። ፍሬኗን አዘመኑ፣ ሁለተኛ ባትሪ ጨመሩ፣ ሁለተኛ ነዳጅ ታንክ ጨመሩ። በ1996 ዓ.ም. ረጃጅም ሞላና ሰፋፊ ጎማ ገጥመው ከመሬት ከፍ አደረጓት። ሰው ሁሉ አደነቀ። ባለቤታቸው ግን ጉልበቷን ያማታል፤ እግሯን አንሥታ በሩ ድረስ ማድረስ አቃታት። «እኔ መሬት ቀርቼ እሷ ሰማይ ወጣች» ብላ ገባች። እሳቸው በማግሥቱ ብረት በይደው ሦስት እርከን ያለው ተጣጣፊ መሰላል ሠሩላት። ይቅርታ ማለት አያውቁም ነበር፤ ይበይዱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. ሌባ ግቢ ገብቶ የመኪናዋን ሽቦ ሲነካካ ውሻ ጮኾበት አመለጠ። ወንድሜ በዚህ በጣም ተናደዱ። ከዚያ በኋላ ከራሳቸው በቀር ማንም እንዳያስነሳት አድርገው የተደበቁ የኤሌክትሪክ ማቋረጫዎችን አስገቡ። ስንት እንደሆኑ አናውቅም። ሦስት የሚል አለ፣ አምስት የሚል አለ። ቁልፍ ማዞር ብቻውን ምንም አይሠራም። አንድ ነገር ይጫናሉ፣ አንድ ነገር ይስባሉ፣ አንድ ነገር በጉልበታቸው ገፋ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቁጠሩ ይጸልዩ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ትነሣለች።

ልጃቸው ደጋግሞ «አባዬ፣ አሳየኝ» ብሏቸዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ቆይ፣ ገና አልጨረስኋትም። ሳልጨርስ ባሳይህ የሚቀየር ነገር ትማራለህ።» በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ «አሁን እጨርሳታለሁ» አሉ። በየዓመቱ ግን የሚቀየር ነገር አያጡም። እኔም አንድ ቀን በዘይት የተነከረ እጃቸውን ይዤ «አንተ ሰው፣ ነገ ብትሞትስ? ለልጅህ አሳየው እንጂ!» አልኋቸው። ሳቁብኝ። «እትዬ፣ አንቺ ሳትቀድሚ እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ዋሹኝ።

የምትጽፈው ሴት ልጃቸው «አክስቴ፣ ይህችን ቃል እናውጣት» ብላኝ ነበር። አትወጣም።

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ከመኪናዋ ሥር ግራሶ ሲቀቡ ቆይተው ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው ሻይ ልትሰጣቸው ስትመጣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ፣ አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው አገኘቻቸው። ጎረቤት በታክሲው ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ በአንጎላቸው ደም ፈስሷል አሉ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ከቃል ሁሉ የቀረችላቸው «እሱ» የምትለው ብቻ ነበረች። ውሃም ሲጠማቸው እሱ፣ ሚስታቸውንም ሲጠሩ እሱ።

አልጋቸውን መኪናዋ ወደምትታይበት መስኮት አስጠጋነው። ልጃቸው ካስተማረበት ሲመለስ ሊያስነሳት ይሞክር ጀመር። ድምፅዋን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብለን ነው። ቁልፉን ሲያዞር ከመስኮቱ «እሱ! እሱ!» የሚል ጩኸት ይመጣል። ሮጦ ይገባል፤ በግራ እጃቸው አየር ላይ አንድ ነገር ይጫናሉ፣ ይስባሉ፣ ጣታቸውን ያነሣሉ። ሮጦ ይወጣል፤ የተረዳውን ይሞክራል፤ ደግሞ «እሱ!» ይላሉ፣ ዕንባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሚስታቸው «ልጄን አታሯሩጠው፣ አንተም አትጩህ፣ ትቅርባችሁ!» ትላለች። ወዲያው ደግሞ እሷው ራሷ ካቻቢቴ ይዛ ትወጣለች።

እርሳስ ሰጠናቸው። በግራ እጃቸው ብዙ ታግለው አንድ ክብ ሣሉ። ክብ! መኪና ላይ ክብ ያልሆነ ምን አለ? ልጃቸው የመሪውን መሐል ተጫነ፤ ክላክስ ብቻ ጮኸ። የነዳጁን ክዳን ከፈተ፣ የጎማውን መሐል አዞረ፣ የሙቀት መለኪያውን ነቀለ። ወረቀቱን ይዞ ገብቶ «አባዬ፣ ይህ ነው?» ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ታዲያ የቱ?» ሲላቸው ያንኑ ክብ ደግመው ያደምቁታል። እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ።

አብረዋቸው ጋራዥ የተማሩት መካኒክም ተጠርተው መጡ። ዳሽቦርዱን ከፈቱት። ወንድሜ በእጃቸው ባገኙት ሽቦ ሲቀጥሉ ስለኖሩ ከአርባ በላይ ሽቦ አለ፤ ሁሉም ሰማያዊ። መካኒኩ ጥቂት አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ። «እቴ፣ ይህ እኮ መኪና አይደለም፣ ሹራብ ነው። አንዱን ብስበው ሁሉም ይተረተራል» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሁለት ቀን ታግለው ዳሽቦርዱን መልሰው ዘጉትና ወንድሜን ጉንጫቸውን ስመው ሄዱ።

የቀረን አንድ ነገር ነበር፤ እሳቸውን መሪው ላይ ማስቀመጥ። እጃቸው ባይናገርም ያስታውስ ይሆናል አልን። ሚያዝያ ላይ በወንበር ተሸክመን አወጣናቸው፤ ልጃቸው፣ ሁለት ጎረቤቶችና መካኒኩ። ደስታቸውን ብታዩ! በግራ እጃቸው በሩን እንደ ፈረስ አንገት ደባበሱት። ሊያነሷቸው ሞከሩ። ሞላዋ ረጅም ነው፣ ጎማዋ ትልቅ ነው፣ የሽባ ሰው ሰውነት ደግሞ ከባድ ነው። የሚስታቸው መሰላል የሚረግጥ እግር ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ተንሸራተው ሊወድቁ ሆነ። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ራሳቸው ከበሩ ጋር ተጋጨ። ሦስተኛውን እኔ ከለከልሁ። ያን ቀን «እሱ» አላሉም። አልጋቸው ላይ ስናስተኛቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ አልተመለከቱም።

እኔ አንድ ወንድሜን ሳሳድግ፣ ሲወድቅ ሳነሣ፣ ሲታመም ሳስታምም የኖርሁ ሰው ነኝ። እንዲህ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥሁበት ጊዜ ግን የለም። ሰውየው ያውቃል፣ ሊነግረን ይፈልጋል፣ እኛም ልንሰማ እንፈልጋለን፤ በመሐላችን አንዲት ክብ ናት ያለችው።

ወንድሜ በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዛ ነበር። ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አንድ ታላቅ እህትም ቀርታላቸዋለች፤ እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

በሥራ የምታውቋቸው፣ በጋራዥ የምታውቋቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የተጓዛችሁ ሁሉ፣ አንድ ልመና አለን። ምናልባት አንድ ቀን ለአንዳችሁ በጨዋታ መሐል ጣል ያደረጉት ነገር ይኖር ይሆናል። ሲያስነሷት ዓይናችሁ አይቶ እንደሆነ፣ ክቡ ምን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከቀብር በኋላ ወደ ቤት ኑ። ባለቤታቸው ልትሸጣት አይደለም፤ መንዳትም አትችልም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋን መስማት ፈልጋለች። ማንም ባያውቅም ኑ፤ ደጃፉ ላይ አብረን ቆመን እናያታለን።

እግዚአብሔር የነገሩንን ሳንረዳ የቀረነውን እኛን ይቅር ይበለን። የእሳቸውንም ነፍስ አፍ ሳይከፈት በሚሰማበት ስፍራ ያሳርፍልን።