ሌሊት ዘጠኝ ያልኩት

ማክሰኞ

የጥበቃ ካሜራውን ላይ ብወጣ መሰላሉ አጠረኝ። የወርቅ ቤቱ ጣሪያ ለምን እንዲህ ከፍ ብሎ እንደተሠራ እንጃ፣ የድሮ ሰዎች ፒያሳ ላይ ሲሠሩ ቤት የሚገባው ቀጭኔ ነበር መሰል። ዘሃራ መሰላሉን ያዘችልኝ። የዚህ ቤት ሻጭ ናት። ጠዋት በጓሮ በር ገብታ መብራት የምታበራውም፣ ወርቁን ከካዝና አውጥታ የምትደረድረውም እሷ ናት፤ የፊት ለፊቱ የብረት መዝጊያ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። "ከወደቅክ በዚያ በኩል ውደቅ፣ እኔ ቁርስ አልበላሁም" አለችኝ። ተመቸችኝ።

ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ሱቆች አየሁ። የሦስቱም ባለቤት እትዬ ሉባባ ናቸው። ባላቸው ሐጂ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት። ያገኘሁት ይህ ነው፦

ፒያሳ ጨርቅ ቤት፦ ካሜራው ይቀዳል፣ ግን ሰው ይሁን ጥቅል ጨርቅ አይለይም።

አራት ኪሎ ልብስ ቤት፦ የካሜራዎቹ ግማሽ ሞተዋል። ሻጮቹ የትኞቹ እንደሞቱ በደንብ ያውቃሉ።

ወርቅ ቤቱ፦ ከሁሉ የባሰው። ሞኒተሩ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ መቅጃው ሳጥን እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ዲስኩ ውስጥ ምን እንደተረፈ እግዜር ይወቀው።

አሮጌ መቅጃዎቹን ሁሉ ነቅዬ በአዲስ እተካለሁ፤ ከዚያ ሦስቱም ሱቅ እትዬ ሉባባ ስልክ ላይ ይታያል። ሥራው ካማረ ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ እንደሚናገሩልኝ ነግረውኛል። የሳቸው ቃል ፒያሳ ላይ ምን እንደሚያህል አውቃለሁ። ካበላሸሁ ደግሞ በዚያው ቃል ነው የምጠፋው።

ረቡዕ

ወርቅ ቤቱን ጨረስኩ። አዲሱ መቅጃ ድምፅ የለውም፣ የሚሠራም አይመስል። አሮጌውን ሳጥን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ጠባቧ ሱቄ ወሰድኩት። እትዬ ሉባባን የተረፈ ምስል ካለ እገለብጥልዎታለሁ ብያቸዋለሁ። አፌ አያርፍም፣ ማን ጠየቀኝ።

ከምሳ በኋላ እትዬ ሉባባ ደወሉ። ድምፃቸው ደህና አልነበረም። ዘሃራ ምሳ በወጣችበት አንዲት ደንበኛ ለጥገና የሰጠችውን አምባር ልትወስድ ብትመጣ አምባሩ የለም። "ያ አሮጌው ሳጥን ያለፈውን ሳምንት ይዞታል?" አሉኝ። እሞክራለሁ አልኩ። "ለማንም እንዳትናገር፣ ለዘሃራም ቢሆን።"

ሐሙስ

ዲስኩ ተበልቷል። ሱቄ ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት ምስል አዳኝ ፕሮግራም ሲፈልግ ውሎ የሚያተርፈው ቁርጥራጭ ነው፤ ብዙው ግራጫ ዝናብ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ንጹሕ ቁራጭ ወጣ። ያለፈው ሳምንት ነው። የብረቱ መዝጊያ እንደተዘጋ ነው፣ መብራት በርቷል፣ ዘሃራ ብቻዋን ናት። ካዝናውን ከፍታ የወርቅ ትሪዎች ታወጣለች። አንዱን ነገር አንሥታ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታየዋለች። ጥግ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፦ 03:12።

እነዚህ ማሽኖች በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄዱት፤ የጨርቅ ቤቱም የአራት ኪሎውም እንደዚያ ናቸው። በኛ ሲመለስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት። በዚያ ሰዓት ወርቅ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?

ላፕቶፔን ይዤ ለእትዬ ሉባባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና "ሦስት ሰዓት ይላል" አሉ። "የፈረንጅ ነው እትዬ፣ ስድስት ይጨመርበታል" አልኩና በጣቴ ቆጥሬ አስረዳኋቸው። አስተማሪ ሆንኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው "እንደ ልጄ ነበር የማያት" አሉ። አሳዘኑኝ። ግን እዚህ እንኳ ካልዋሸሁ፣ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል። ሌባ ያዝኩ ብዬ።

አርብ

ይህን ቀን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ሉባባ ወርቅ ቤት ና አሉኝ። መንገድ ላይ "አምባሩን እንዳታነሣባት፣ መጀመሪያ ሌሊቱን ትመን" ብለው አስጠነቀቁኝ። ገባንና "ሌሊት እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?" አሏት። ዘሃራ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። "የምን ሌሊት?"

"ካሜራው አይቶሻል።"

"እኔ ሌሊት ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም እትዬ። ወላሂ።"

ሦስት አራቴ ጠየቋት፣ መልሷ ያው ነው። ቁልፉን ተቀበሏት። ሰኞ ዋስሽን ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ ነገሩ ፖሊስ ጋ ይሄዳል አሏት። ዋሷ አጎቷ ናቸው፣ ስትቀጠር የፈረሙላት። የአጎቷ ስም ሲነሣ ነው ያለቀሰችው። ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ነህ ያየኸኝ?" አለችኝ።

"ካሜራው ነው" አልኩ። እንዲህም መልስ አለ። ላፕቶፑ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨርቅ ቤት ገመድ ስጎትት ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆረጥኩ።

ቅዳሜ

አራት ኪሎ አለቀ። ምስሉ መስታወት ነው። የሞቱት ካሜራዎች ሲነሡ ሻጮቹ ፊታቸው ጠቆረ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እስከ ቀትር።

ወደ ሱቄ ስመለስ ፕሮግራሙ አሁንም ዲስኩን እየቆፈረ ነበር፣ ማጥፋቱን ረስቼዋለሁ። አንድ ተጨማሪ ቁራጭ አትርፏል። መሰላል ላይ የወጣ ሰው ነው፣ ጀርባው ብቻ ይታያል፤ ሱሪው ከኋላ ተተርትሯል። ከሥር አንዲት ልጅ መሰላሉን ይዛ ትስቃለች። የብረቱ መዝጊያ ገና አልተነሣም።

ሱሪው የኔ ነው። ማክሰኞ ዕለት ነው። ጥግ ላይ 03:41 ይላል።

እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ እዚያ ቤት ረግጬ አላውቅም። የሄድኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ወይ ጉዴ። የዚያ ቤት ማሽን የተሞላው በኛ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው፣ የጠዋቱ፣ የሥራ መግቢያዋ። ማንም መንገደኛ አይቶ በትክክል የሚያነበውን ሰዓት እኔ ተርጉሜ ሌሊት አደረግኩት።

ቁራጩን ብሰርዘውስ ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል? ዲስኩ ተበልቷል፣ በቃ። ይኸው ጻፍኩት። አልሰረዝኩም፣ ግን አልደወልኩም። ጎረቤት ነጋዴዎቹ፣ ስሜ፣ የከፈትኳት ይህቺ ሱቅ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ሄደ። ፈሪ ነኝ።

እሑድ

ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ "ልጅቷን ፖሊስ ከወሰዳት በኋላ ብትናገር ማን ይሰማሃል?" ብላ ሸሚዜን ልታወጣልኝ ተነሣች። ቆሜ ለበስኩ።

እትዬ ሉባባ ቤታቸው ነበሩ። ቁጭ ሳልል ነው የነገርኳቸው። የራሴን ጀርባ አሳየኋቸው። ሰዓቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ሐጂ ነው" አሉ። "በሱቄ ውስጥ በፈረንጅ ሰዓት አልመራም ብሎ ካስገጠመው ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ አጠገቡ ነበርኩ። ሌሎቹ ሱቆች እሱ ከሞተ በኋላ ካሜራ የተገጠመላቸው ናቸው። እንዴት ጠፋኝ?" ከዚያ ደግሞ "ሦስት ሰዓት ይላል ብዬህም ነበር።"

"ብለውኝ ነበር እትዬ።"

"ሥራህን ጨርስ፣ ሒሳብህን አላጓድልም። ለጎረቤት ግን ስምህን አላነሣም።"

እሺ አልኩ። ዘሃራ ጋ ደወልን፣ ስልኳ ዝግ ነው። ቤቷ እሪ በከንቱ ሰፈር ነው ከማለት በቀር የትኛው በር እንደሆነ የምናውቅ የለንም። ልጅቷ በሰቀቀን ልታድር ነው።

ሰኞ

መጡ። አጎቷ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። የሷ ዓይን አብጧል። ሌሊቱን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ተውኩት። ላፕቶፑን ከፍቼ ወደሷ አዞርኩት።

አየችው። "ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት" አለች። "ትሪ ሳወጣ ነው፣ ጠዋት። ምን አለው?"

"የሌሊቱስ?" አለች፣ ሌላ ምስል የሚመጣ መስሏት።

"የሌሊቱ እሱ ነው" አልኳት። ከዚያ ተናገርኩ፤ የፈረንጁን፣ ስድስት የጨመርኩትን፣ ሁሉንም። ይቅርታ አልኳት። አጎቷ ቆባቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። እሷ አልጮኸችም።

"ታዲያ አርብ ለምን አላሳያችሁኝም?" አለች። "ሰዓት ማንበብ እኮ እችላለሁ።"

እትዬ ሉባባ አንገታቸውን ደፍተው "አምባር ጠፍቶብኝ ነው ልጄ፣ ለጥገና የመጣው" አሉ።

"የቱ? የዚያች አራት ኪሎ የምትሠራዋ ሴትዮ? እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ እዚያ ይቀርብላታል ብለው በቦርሳዎ የወሰዱት?"

አራት ኪሎ ተደወለ። መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፣ በሶፍት እንደተጠቀለለ። ለካ አርብ ዕለት ስለ አምባሩ አንድ ቃል ብንጠይቃት ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።

እትዬ ሉባባ ተነሥተው "አፉ በይኝ" አሏት። ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም። ዘሃራም ተነሣችላቸው፣ "አፉ ብያለሁ እትዬ" አለች። ቁልፉን ሲዘረጉላት ግን አልተቀበለችም። "ላስብበት።" የባንኮኒው መስታወት ላይ ተወችው። በአጠገቤ ስታልፍ "አንተን ደግሞ ያን ቀን መሰላሉን መልቀቅ ነበረብኝ" አለችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

ስወጣ እትዬ ሉባባ ጠሩኝ። ሦስቱንም በኛ ሰዓት ሙላልኝ አሉ። ሞላሁ።

ማክሰኞ

ከርክክቡ በፊት ስልክ ላይ በትክክል መታየቱን እንድሞክር ታዝዣለሁ። ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ጨርቅ ቤቱን ከፈትኩ፣ ደህና። አራት ኪሎን ከፈትኩ፣ ደህና። ወርቅ ቤቱ ጨለማ ነው። ጥግ ላይ 03:05 ይላል።

ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። 03:09። ቁልፉን ማታ ልካ አስወስዳ ይሁን፣ እዚያው መስታወቱ ላይ ይደር፣ የነገረኝ የለም። እትዬ ሉባባ ጋ ለመደወል አፈርኩ። 03:11። አልመጣችም ብዬ ሒሳብ ጠራሁ።

03:12። መብራቱ በራ። ዘሃራ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ወደ ካዝናው ሄደች። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። እየሞከርኩት እንደሆነ ማን እንደነገራት አላውቅም። ግራ እጇን አንሥታ በሌላው ጣቷ የእጅ ሰዓቷን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ከዚያ ትሪዎቹን ማውጣት ጀመረች።