ሳይዘለል ይነበብ፦ የዋና ሳጅን መርሻ ይመር ሕይወት

ዋና ሳጅን መርሻ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉወርቅ በየነ በ1973 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ እህታቸውን ደማቀችን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ይህን የጻፈችውም እሷው ናት፤ ከዐረብ አገር፣ አማን ከተማ ኡም ሱማቅ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት፣ ማዳም በጠራቻት ቁጥር ስልኩን ኪሷ እየከተተች። ቢዘበራረቅ ይቅር በሏት። ስሟ ከዚህ ጽሑፍ ይውጣ ያለ ዘመድ አለ፤ ምክንያቱ ወረድ ብሎ ይመጣል።

ሳጅን መርሻ ትምህርታቸውን እዚያው ቆቦ ጨርሰው በ1993 ዓ.ም. ፖሊስ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ እየሩሳሌም ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች ወልደዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ደግሞ ቶሎ ይበርድላቸዋል።

በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን ሲያግድ፣ በደላላ የሚወሰዱ ሴቶችን እንዲያስቆሙ መተማ መንገድ ላይ ተመደቡ። በዓመቱ እህታቸው በዚያው መንገድ፣ በጭነት መኪና ሸራ ሥር ሆና፣ ሳትነግራቸው አለፈች። አማን ገብታ ስትደውል ስድብ ነበር የጠበቀችው። «ውሃ ነበራችሁ?» ብቻ አሏት። እሷም አብረዋት የተጫኑትም ውሃ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጀሪካን ውሃ ሳይጭኑ ለጥበቃ አይወጡም ነበር። ባልደረቦቻቸው «ውሃ አዳዩ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ግንቦት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ከሸኽዲ ከተማ ወዲያ የቆመ የጭነት መኪና አገኙ። ከውጭ የተቆለፈባቸው ሴቶች ከውስጥ በሩን ይደበድባሉ። ባልደረቦቻቸው ተጨማሪ ኃይል እንጠብቅ ሲሉ፣ እሳቸው ታፍነው ያልቃሉ ብለው ቁልፉን መስበር ጀመሩ። ፖሊስ ሲያይ ሮጦ ጫካ የገባው ደላላቸው ከጀርባ ተኩሶ መታቸው። በሩ ግን ተከፍቶ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሳጅን መርሻ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እህታቸው መምጣት አልቻለችም። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቷ፣ አልቋል፤ እገዳው ሳይነሳ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ እናታቸውን የምትጦር ከእንግዲህ እሷ ናት። መቀመጥም አቅቷታል፤ የጠረገችውን ክፍል መልሳ ስትጠርግ ውላለች። ዛሬ ዓርብ እናንተ ስትቀብሯቸው እሷ እዚሁ አማን፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር፣ ጓደኞቿ ዘንድ ለቅሶ ትቀመጣለች። ከለቀስተኞቹ አንዷ ሐያት ናት፤ በመጀመሪያ ጉዞዋ ያስመለሷት እሳቸው ነበሩ። መርዶውን ስትሰማ «ያኔ ረግሜው ነበር፤ አፌን ይቁረጠው» ብላ አልቅሳለች።

ይህን የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ወንድም ዓይናለም ነው። አለቆቻቸው በቆሙበት «የፖሊስ እህት በደላላ ወጣች» እንዳይባል ስሟ ይቅር ያለው እሱ ነው፤ ለመርሻ ክብር አስቦ መሆኑ አይጠፋትም። መርሻ ግን እህቴ አማን ናት ማለትን ለማንም ደብቀው አያውቁም።

ለሰው ልጅ እንደራሩ እግዚአብሔር ይራራላቸው፤ ቤታቸውን ይጠብቅ። ሳጅን መርሻ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ደማቀች ይመርን ትተዋል። ዓይናለም፣ ይህችን ስም ጮክ ብለህ አንብባት። በወንድሜ ቀብር ላይ አልቆምኩም፤ ስሜ እንኳ ይቁምልኝ።