በማዕድ ሰዓት የተዘጋው ገዳም

ውድ እመ ምኔቴ አቪስ፣

በመንደራችን በሃስልቢ ስለ እኔ የሚወራው ውሸት ነው። የንጉሡ ሰው ገዳማችንን ሊዘጋ በመጣ ቀን ፊት ለፊቱ ቆሜ ተከራክሬዋለሁ ይባላል። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሳላስተባብለው አሥራ ሁለት ዓመት መኖሬን ግን አውቃለሁ። ዛሬ ቢራ ጠማቂዋ ማርጀሪ ደጇ ላይ አስቁማኝ፣ «እማሆይ ፔትሮኒላ፣ ያቺ አለቃዎ ልትመለስ ነው አሉ። እዚሁ ልሙት ብላ ቤት ጠይቃለች። ሦስት መቶ ዓመት የተጸለየበትን ቤት በማኅተሟ አስረክባ፣ ደግሞ በየትኛው ዓይኗ ልታየን ነው?» አለችኝ።

ባሏ ከውስጥ፣ «የገዳሙ ድንጋይ እኮ ያንቺው አሳማ ቤት ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ እሱን መልሺ» አላት።

«አንተ ዝም በል። እኔ የወደቀ ነው ያነሳሁት።»

ሳቅሁ። ስለ እርስዎ ግን ምንም አልመለስሁም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች ይቀበሉዎት እንደሆነ ይወስናሉ።

ስለዚህ ያልነገርሁዎትን ይስሙ። እርስዎ በንዳድ በተኙበት በዚያ ሳምንት ምትክዎ እኔ ነበርሁ። ሰውዬው የገባው ማዕድ ላይ ሳለን ነው። በማዕድ ሰዓት አርምሞ ነው፤ ጨው እንኳ የምንጠያየቀው በእጅ ምልክት ነበር። ወረቀቱን አነበበና፣ «ቤቱን ለንጉሡ ማስረከብን የምትቃወም አለች?» ብሎ ጠየቀ። ወጣቷ ቶማሲን ማንኪያዋን አስቀምጣ አፏን ስትከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። አንገቷን ደፋች። አሥራ አንዳችንም ዝም ብለን ስንበላ «ሁሉም ተስማምተዋል» ብሎ ጻፈ። ያንኑ ይዞ አልጋዎ ድረስ መጣ። እርስዎም ያተሙት የተስማማን መስሎዎት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወቀሱንም።

ለዓመታት ሕጉን አከበርሁ እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን እንግዳ ሲጠይቅ የማዕዱ አለቃ እንድትመልስለት ሕጉ ይፈቅዳል። አንቀጹን ለጀማሪዎቹ በቃል ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ የሳተችው መሬት ላይ ተቀምጣ ትበላ ነበር። ያን ቀን የፈራሁት ሰውዬውን ነው። አንዲት መበለት በረግረጉ ላይ ያቆመችውን፣ የጥንቱ ቸነፈር አራት መነኮሳይያት ብቻ አስቀርቶለት እንኳ ያልተዘጋውን ቤት በአንድ ጣት ዘጋሁት።

ብትናገሪም ያው ይዘጉት ነበር ይሉኝ ይሆናል። ይሆናል። ስምዎ ግን አይጠፋም ነበር።

ይቅርታዎን አሁን አልጠይቅም፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ አለ። ነገ በመጀመሪያ ቶማሲን ከወንድሟ ቤት ሳትወጣ ደርሼ ምስክር እንድትሆነኝ እለምናታለሁ። ቀጥዬ ለቄሱ እነግራለሁ። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ፣ ማርጀሪም በምትሰማው ድምፅ፣ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ መሆኔን እናገራለሁ።

ፔትሮኒላ