ሲላን የካድንበት ገጽ

ፔይን ሆሎው፣ ኬንታኪ
ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1986

ለምወድሽ ልጄ ለቨርሊን፣

አንቺን፣ ባልሽንና ልጆችሽን እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅልኝ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሌላ ወሬ ሳላስቀድም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ወሬውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡና ስለ ትምባሆው አውርቼ ደብዳቤውን እዘጋዋለሁ። የቅድመ አያቴ የፕሬስሊ ኤምብሪ የወታደር ጡረታ ፋይል ከዓመታት በፊት ከዋሽንግተን የመጣልሽ ጊዜ፣ ከውስጡ ገጾች አውጥቼ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ፖስታው ተቀዶ ነው የደረሰው ያልኩሽ ውሸት ነበር። የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ቀኑን ታስታውሺው ይሆናል። ለቤተሰቡ ጉባኤ ከሳክራሜንቶ መጥተሽ፣ በቆሎ ልትገዙ ከእናትሽ ጋር ከተማ ወርዳችሁ ነበር። ፖስተኛው ያንን ወፍራም ፖስታ ሲያስረክበኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ስንት ዓመት የደከምሽበት ነው! በ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ፕሬስሊን ያገኘሽው ዕለት ከሳክራሜንቶ ደውለሽ ስታለቅሺ እኔም ወዲህ ማዶ ሆኜ አልቅሻለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ቆጠራ በባርነት ያለው የእኛ ሰው ስም የለውማ፤ በጌታው ስም ሥር ጾታና ዕድሜ ብቻ ነው። ስለዚህ እስክትመለሱ መታገሥ አቃተኝና ከፈትኩት።

ከደበቅኩት አንዱ ፕሬስሊ ከመሞቱ ጥቂት ዓመት በፊት የጡረታው መሥሪያ ቤት ለላከለት ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። ከአሁኗ ሚስትህ በፊት ሌላ አግብተህ ነበር ወይ ይላል ጥያቄው። መልሱ እንዲህ ነው፦ «አዎ። ሲላ ትባላለች። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ጌታዋ ከልጃችን ከኢስተር ጋር ወደ ሚሲሲፒ ሸጣት። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ጎረቤቶቼ ናቸው።» ሲላ ነጻ ስትወጣ ልጇን ይዛ በእግሯ ተመለሰች። ስትደርስ ፕሬስሊ ሞታለች ብሎ ተስፋ ቆርጦ፣ የእኛን ሃናን አግብቶ ጠበቃት። የአያቴ የኢሻም እናት ሃና ናት እንግዲህ።

ሌላው ገጽ የባሰ ነው። ፕሬስሊ ሲሞት ሁለቱም ሴቶች የመበለት ጡረታ ጠየቁ። መርማሪ ከሩቅ መጥቶ ጎረቤቱን ሁሉ እያስማለ ቃል ተቀበለ። አያቴ ኢሻም በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን ጭነው እንዲህ አሉ፦ «ሲላ የምትባለው ሴት የአባቴ ሚስት ሆና አታውቅም። ልብስ አጣቢ ናት። ልጅቷም የአባቴ አይደለችም።» ሲላ በዚያ ቃል ባዶ እጇን ቀረች።

ቨርሊን፣ ኢሻም እኔን ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። አባታችን ሆይ የሚለውን ቃል በቃል እያስደገሙ ያስተማሩኝ፣ በዚህ ቤተክርስቲያን ዲያቆን የነበሩ። ሲቆጡኝ «በምንም አትማል፣ እውነት እንኳ ቢሆን አትማል» ይሉኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያንን ገጽ ሳነብ ነው። እናንተ በቆሎውን ጭናችሁ ስትመጡ እኔ ገጾቹን ከቤተክርስቲያኑ ፒያኖ ጀርባ ሸጉጬ ተመልሼ ነበር። ለአያቴ ክብር ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሳስበው ግን ለራሴ ክብር ነው። የእሳቸውን ወንበር ወርሼ ዲያቆን የሆንኩት እኔ ነኛ።

ከዚያ በጉባኤው ላይ የሆነውን አንቺም አይተሻል። የቆጠራውን ቅጂ ከፍ አድርገሽ ለሰዉ ስታሳዪ አክስት ኦዴሳ ከኋላ ተነሡ። ሳይጠሩ የሚመጡት፣ የስኳር ድንች ኬካቸውን ማንም የማይቀምስላቸው አሮጊት።

«ልጄ፣» አሉሽ፣ «ያንን ወረቀት አንድ ቤት ዝቅ ብለሽ ብታነቢው ምን አለበት? ቆጣሪው የሄደው በር በበር ነው። ቀጥሎ ያለው በር የእኛ ነው።»

«አይቼዋለሁ አክስቴ። ሲላ ኤምብሪ፣ ልብስ አጣቢ ይላል። ኤምብሪ ግን የጌትየው ስም ነው፤ ግማሹ አገር ይዞታል።»

«እኔ የኢስተር የልጅ ልጅ ነኝ። ሲላን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻታለሁ።»

«እሺ፣ ይህን የሚያሳይ ወረቀት አለዎት?»

አንቺ በክፋት አላልሽውም። የአጎቴ ልጅ ሆባርት ነው ያበላሸው። «የአክስት ኦዴሳ ወረቀት ከኬካቸው ሥር ነው ያለው፤ ለዚህ ነው ሰው ሳያገኘው የቀረው!» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እናትሽም ሳቀች። ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ «የሰው ስም የሰረቀች» እያለች ለአክስት ኦዴሳ ሰላምታ ነፈገቻቸው። እሷ ሳታውቅ በደለች። እኔ እያወቅኩ አጠገቧ ተቀምጬ የበቆሎ ዳቦ እቆርስ ነበር። ጋብቻቸውን ጸሐፊ መዝግቦላቸው የማያውቅ ሰዎች ልጆች ነን እኮ ሁላችንም። እንደዚያ ሆነን አንዲት አሮጊት ላይ ተነሥተን፣ ወረቀትሽ የታለ አልን።

በዚህ ዓመት በጸደይ አክስት ኦዴሳ ታመሙ። ልጃቸው ሌስተር፣ እናቴ ስትሞት ከኮረብታው ላይ ከፕሬስሊ አጠገብ ትቀበር ብሎ ለመቃብር ማኅበራችን አመለከተ። ኮረብታው ላይ የሚያርፈው የፕሬስሊ ዘር ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሆባርት ሊቀመንበር፣ አንቺ ጸሐፊ። ሆባርት በስልክ የነገረሽን አሳምረሽ ጻፍሽ፦ ከፕሬስሊ ኤምብሪ መወለዳቸው በሰነድ ስላልተረጋገጠ ጥያቄውን ለመቀበል እንቸገራለን። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ አንድ የሚነቀፍ ቃል የለበትም። ያንን ደብዳቤ የጻፍሽው ግን አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌስተር ቤቴ በር ላይ መጣ። ግባ ብለው እምቢ አለ።

«ዲያቆን ሉሽስ፣ እናቴ ትፈልግዎታለች።»

«ለምን ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ። ሌላው ሰው ሲስቅ ሉሽስ አልሳቀም ትላለች። አለመሳቅ ደግሞ ምን ዋጋ አለው ብያት ነበር።»

ገጾቹን ከፒያኖው ጀርባ አውጥቼ፣ አቧራቸውን አራግፌ ሄድኩ። አክስት ኦዴሳ እንደ ወፍ ቀልለው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም አነበብኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ አክስቴ።»

«እኔ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት አንብብላቸው።»

«ይኸው ወረቀቱን አመጣሁልዎት። ሌስተር ለሆባርት ያሳየው።»

«ሌስተር ካሳየውማ ከየት ሰረቅከው ይሉታል። እኔ ወረቀት አልጠየቅኩህም፣ ሉሽስ። አፍህን ነው የጠየቅኩህ።»

ገጾቹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ሲላን ወደ ድሆች እርሻ፣ ጧሪ ያጣ ሰው ወደሚጣልበት፣ የወሰዷት ቀን እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ጋሪው የማን እንደነበር ታውቃለህ? የአያትህ የኢሻም። እንደ እንቁላል ተሸክሞ ነው ያስቀመጣት። ብርድ ልብስ ከእግሯ ሥር አስገባላት። ያለቅስ ነበር፣ ይሰማሃል? እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በተረሳኝ ነበር።»

«ይቅር ይበሉን፣ አክስቴ።»

«የእኔ ይቅርታ ምን ያደርግልሃል? እሷን እዚያ እርሻ ውስጥ ያለ ምልክት ቀበሯት፤ ኋላ በላይዋ አረሱባት። ለራሴማ የትም ብጣል ግድ የለኝም። ከእሷ ወገን አንድ ሰው ፕሬስሊ አጠገብ ይተኛ ነው ያልኩ። ይህ ብዙ ነው?»

«ብዙ አይደለም። እሁድ በቤተክርስቲያን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ።»

«እሁድ ሩቅ ነው» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉኝ፤ እንደ ቀልድ ወሰድኩት።

እሁድ ደረሰ። ቄሱ «ዲያቆን ሉሽስ ስለ ሕመምተኞቻችን ይጸልዩልን» ሲሉ ተነሣሁ። ገጾቹ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ሆባርት ከፊት ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። ከግድግዳው የአያቴ ፎቶግራፍ ያየኛል። «ጌታ ሆይ፣ አክስት ኦዴሳን በምሕረትህ ጎብኛቸው» አልኩና ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ጸሎት የከፋ ኃጢአት ሠርቼ አላውቅም፣ ቨርሊን። ስሰርቅ እንኳ የእግዚአብሔርን ስም አልጠራሁም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሞቱ። የሰማሁት ከሱቅ ነው። ሌስተር አልነገረኝም።

ሐሙስ ማኅበሩ ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ስለ አጥሩ ጥገና ተሰብስቦ ነበር። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ማን እንደደበቃቸው ተናገርኩ። ሆባርት መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ይህ ያንተም የእኔም አያት ነው እኮ» አለኝ በቀስታ።

«ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን አድርግ ነው የምትለኝ? በስሙ አዳራሽ የሠራንለትን ሰው ሐሰተኛ ልበለው?»

«እኔ እለዋለሁ። አንተ የመቃብሩን በር ክፈት።»

«ቨርሊን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው እንደውልላት። ይህን የጀመረችው እሷ ናት፤ እሷ ትወስን።»

ሌሎቹም እውነት ነው፣ ቨርሊን ትወስን አሉ። ሸክሙን በሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላንቺ ሊልኩት ፈልገው ነው። አትደውሉላት አልኩ። ሬሳ ስብሰባ አይጠብቅም፤ ልጄ ደግሞ በእኔ ውሸት አንድ ጊዜ ፈርማለች፣ ይበቃታል። ሆባርት «ድምፅ ሳይሰጥበት መቃብር የሚቆፍር ሰው ከማኅበሩ ይወጣል፣ እዚያም አይቀበርም» አለ። እናትሽ እዚያ ናት። አጠገቧ ያለው ቦታ የእኔ ነው፣ ወይም ነበር። ይህን የምጽፍልሽ እንድትከራከሪልኝ አይደለም። እኔ በሞትኩ ጊዜ ለምን እዚያ እንዳልሆንኩ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ነው።

ትናንት አርብ ከሌስተር ጋር ከፕሬስሊ በስተቀኝ ቆፈርን። በግራው ሃና ናት፤ ቀኙ ባዶ ነበር። ቀኙ ለምን ባዶ እንደቀረ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አፈሩ ድንጋይ ይበዛዋል። ሌስተር ስልሳ ዓመቱ ነው፣ እኔም ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እየተቀባበልን አወጣነው። ውኃ ስንጠጣ እንዲህ አለኝ፦

«በሳምንት ቢቀድሙ ትሰማዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እሁድ ዕለት ፀጉሬን አበጥርልኝ አለችኝ። ሰዎች ከቤተክርስቲያን ወደ እኔ ይመጣሉ ብላ። እስኪመሽ ተበጥራ ጠበቀች።»

እንደዚያ ብሎ አካፋውን አነሣ። እኔም አነሣሁ። እጁን ለሰላምታ እስከ አሁን አልሰጠኝም። አልፈርድበትም።

ልጄ፣ የገጾቹን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አኑሬልሻለሁ፤ ዋናውን ሌስተር ወስዷል። ስልክ እንድትደውዪልኝ አልለምንሽም። ስትቆጪ ዝም እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ከእኔ የወረስሽው ነው። የጀመርሽውን ፍለጋ ግን በእኔ ምክንያት እንዳታቆሚ። ቆጠራውን ስታነቢ ከአንዱ በር ወደሚቀጥለው በር እለፊ። የአባቶቻችን አምላክ እውነትን ለመናገር እንደ እኔ እርጅናን እንድትጠብቂ አያድርግሽ። ልጆችሽ በንጹሕ ስም ይደጉ። ክረምቱ ሳይገባ የዓይንሽን ሕመም ለሐኪም አሳዪው።

ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው። የእሳቸው ወገን ጥቂት ነበር፤ የእኛ ሰዎች ከአጥሩ ውጪ ቆሙ፣ ሆባርትም ባርኔጣውን ሳያወልቅ ከመካከላቸው ነበር። ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ወደ አጥሩ ዞርኩና፣ ከውጪ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጀመሪያ የፕሬስሊን መልስ፣ ቀጥሎም የአያቴን መሐላ አነበብኩ። የኢሻም መቃብር እግሬ ሥር ነበር። «ይህ ያሳደገኝ አያቴ የማለው ቃል ነው፤ ሐሰት ነው» አልኩ። «ሲላ የፕሬስሊ ሚስት ነበረች። ኢስተር ልጁ ናት። እዚህ የምናሳርፋቸው ኦዴሳ ሥጋችን ናቸው። ይህን እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ሉሽስ ኤምብሪ ነኝ።» ከዚያ ከሌስተር ጋር ገመዱን ይዤ አወረድኳቸው።

አባትሽ፣
ሉሽስ