ዘጠና አራት ማይል በስሜ

ኔብራስካ፣ ኦገስት 9 ቀን 2025

ለሜርል ቫኔክ፤ አሪዞና

«ውድ አባቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «ሜርል ሆይ» ስል ደግሞ ለራሴ የምጽፍ ይመስላል። ምን ላድርግ? ስም ስታወጣልኝ እንኳ ስንፍናህ አልለቀቀህም፤ የራስህኑ አንስተህ ለጠፍክብኝ። ይኸው አርባ ስድስት ዓመት ሞላኝ፣ ራሴ ተመለጠ፣ የአውራጃው ሰው አሁንም «ትንሹ ሜርል» ነው የሚለኝ። ትልቁ ሜርል የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከጠፋ ቆይቷል።

እንዴት ነህ አልልህም። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስትስል ሰምቼሃለሁ፤ ደህና ትስላለህ። የስልኩን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

የምጽፍልህ በመንጃ ፈቃዴ ምክንያት ነው። ምን እንደምሠራ አታውቅም፤ ጠይቀህም አታውቅ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተማሪ ሰርቪስ ነድቻለሁ። በሰሜን በኩል ያሉትን የገበሬ ልጆች፣ ሠላሳ አንዱን፣ ጠዋት ከየደጃቸው ለቅሜ ከሰዓት በኋላ እመልሳለሁ። ማን ቁርስ ሳይበላ እንደወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን አባት ከቤት እንደሄደ ከእናቶቻቸው ቀድሜ አውቃለሁ። በእነዚህ ዓመታት አንድ የፖስታ ሳጥን ገጭቼ አላውቅም። ለአንተ ይህ ሥራ አይመስልህ ይሆናል። እኔ ከዚህ ሌላ የሚሆንልኝ ነገር የለም፤ ፈልጌም አላውቅ።

በጁላይ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ጆዲ ናት፤ ሕፃን ሆና እኔው ነኝ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት። ኮምፒዩተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ኮምፒዩተሯን አየች።

«ትንሹ ሜርል፣ ዋዮሚንግ ሄደህ ምን አድርገህ ነው?»

«እኔ? ዋዮሚንግን በካርታ ካልሆነ አላውቃት።»

«እሷ ግን ታውቅሃለች። የፍጥነት ቅጣት። በሰዓት ዘጠና አራት ማይል! ፍርድ ቤት ተጠርተህም ቀርተሃል። የሁለቱ ግዛቶች መዝገብ ዘንድሮ ሲገናኝ ነው የወጣው። እዚያ ጨርሰህ ካልመጣህ አላድስልህም፤ ብፈልግም ማሽኑ አይፈቅድልኝም።»

«ቀኑ መቼ ነው?»

«ኦክቶበር 14፣ 2006። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ያን ቀን እዚህ ቤት የማያውቀው የለም። እናቴን የቀበርንበት ቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጸሎቱ ተጀመረ፣ እኩለ ቀን ላይ አፈር አለበስናት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርደን አክስቴ ብላንሽ የጋገረችውን ኮላች፣ ያንን የፍራፍሬ ዳቦ፣ እየበላን እስኪመሽ ተቀመጥን። እኔ ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም።

ጆዲ ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ። ስሙ የእኔ፣ አድራሻው የእናቴ ቤት፣ የልደት ቀኑ የእኔ። አንተ በዚያው ዓመት ጠጥተህ ስትነዳ ተይዘህ መንጃ ፈቃድህን ተቀምተህ ነበር፤ ይህን ማንም ያውቃል። እና ፖሊሱ ሲያስቆምህ «ወረቀቴን ቤት ረስቼዋለሁ» ብለህ ስሜንና ልደቴን ሰጠኸው። ልደቴን ታውቀው ኖሯል! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «እንኳን ተወለድክ» ብለህ ደውለህ አታውቅም፤ ለፖሊስ ግን ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ አልጠፋህም። አይ ዓይን አውጣ! ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰውዬ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ሲል ያመነው ፖሊስም የጉድ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእኔ ስም ዋዮሚንግ ውሎ አድሮ መጣልኝ።

እዚያ ፍርድ ቤት ደወልኩ። ወይዘሮ ፔቲግሩ የምትባል ጸሐፊ አነሳች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «እስቲ ልየው» ትላለች።

«ወረቀቱ የለም፣ ልጄ። ከተጣለ ቆይቷል። ያለኝ ኮምፒዩተር ላይ አንድ መስመር ነው።»

«እኔ አይደለሁም። አባቴ ነው። ስማችን አንድ ነው።»

«ሁሉም አባቴ ነው፣ ወንድሜ ነው ይላል» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «ወይ አባትህ እኔ ነበርኩ ብሎ ምሎ ይፈርም፣ ወይ አንተ ያን ቀን ሌላ ቦታ እንደነበርክ በጽሑፍ አሳየኝ። አለዚያ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ መዝጋት ትችላለህ።»

ጥፋተኛ ነኝ ብል ቅጣቱ ቀላል ነበር። ግን በዚያ ፍጥነት ጥፋተኛ ለሆነና ፍርድ ቤት ለቀረ ሰው የሰው ልጅ አደራ የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም። ርዕሰ መምህሩም ፊት ለፊት ነገረኝ። «ሜርል፣ እወድሃለሁ። ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት 14 ነው። እስከዚያ ሳምንት መግቢያ ፈቃድህን ካላመጣህ መስመሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ስልክህን ከአክስቴ ከብላንሽ ወሰድኩ። ከማን እንዳገኘችው አልጠየቅኳትም። አብራህ የምትኖረው ሴት አነሳች፤ ዳርላ ነኝ አለችኝ።

«ሜርል አለ?»

«ማን ልበለው?»

«ሜርል።»

«ትቀልዳለህ እንዴ?»

ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ደግሞ አንተ ትስላለህ። ስልኩን በእጇ አፈነችው፣ ተንሾካሾካችሁ፣ ከዚያ ተመለሰች።

«የለም፤ ወጥቷል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።»

«እመቤቴ፣ ሲስል እየሰማሁት እኮ ነው።»

«እኔ ነኝ የምስለው» አለችና፣ በቁሜ ሳለችልኝ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአንተዋ ግን ቢያንስ ሞከረች። ጉዳዩን ነገርኳት። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ ይፈርምና ይላክልኝ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም እስር ቤት አያስገባውም አልኳት።

«በሕይወቱ ዋዮሚንግን ረግጦ አያውቅም ይላል።»

«ወጥቷል አላልሽኝም?»

«ከመውጣቱ በፊት ነው ያለው» ብላ ዘጋችብኝ።

እንግዲህ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶሃል። ልጅህ ሲደውል ከሴት ቀሚስ ጀርባ ትደበቃለህ። ስልኩን አስቀምጬ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁብህ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ብላንሽ ናት መላ ያመጣችው። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እንጂ ጭንቅላቷ አላረጀም። «የእናትህ የአርሊን የለቀስተኛ መዝገብ፣ ለቀብሩ የመጣው እንግዳ ሁሉ የፈረመበት፣ እኔ ጋ ሣጥን ውስጥ አለ። ቀኑም ቤተ ክርስቲያኑም ተጽፎበታል። እሱን ላክላት» አለችኝ።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አልፈረምኩበትም። የሟች ልጅ በለቀስተኛ መዝገብ ላይ ይፈርማል እንዴ?»

«እሱማ አይፈርምም። ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ የልጅ ስም ይጻፋል። ከባዶ እጅ ይሻላል።»

መጀመሪያው ገጽ ላይ «ልጅ፦ አንድ» ብቻ ነበር የሚለው፤ ቀብር አስፈጻሚው ስሜን መጻፍ ረስቶታል። ተስፋ ቆርጬ ዝም ብዬ ገጹን እገልጥ ጀመር። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በመኖ ነጋዴውና በፒያኖ አስተማሪዋ መሃል፣ ስሜን አየሁት። ሜርል ኤ. ቫኔክ።

የእኔ እጅ አይደለም። እኔ ያን ቀን ብዕር አልያዝኩም። በመኖ ከረጢቱ ላይ፣ በጋጣው በር ላይ፣ በመሣሪያ ሣጥንህ ላይ ስትጽፈው እያየሁ ያደግሁት ጽሕፈት ነው፤ «ትልቁ» የሚል እንኳ አልጨመርክበትም። መዝገቡን ለብላንሽ አቀበልኳት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

«ይህ ሰውዬ!» አለች። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ አንድ ሳንድዊች ሳይበላ ሄደ?»

እሷ ሳንድዊቹ ነው የታያት። እኔ ምን እንደታየኝ ልንገርህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስላልመጣህ ስጠላህ ኖሬያለሁ። ጥሩ ጥላቻ ነበር፤ ተመችቶኝ ኖሬበታለሁ። አሁን እሱንም አበላሸህብኝ። ያልመጣ ሰው አልሰማ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል። አንተ ግን ሰምተሃል፣ መጥተሃል፣ በሩ ላይ ቆመህ ስምህን አሳምረህ ጽፈሃል፣ ከዚያ ልጅህ ከፊተኛው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ እያየኸው ወጥተህ በዘጠና አራት ማይል ፈረጠጥክ። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለች ሩጥ ይላሉ፤ አንተ ከዚህ ሁሉ የገባህ ሩጫው ብቻ ነው። ከዚህ የባሰ ፍርሃት በሕይወቴ አላየሁም። የሰባት ዓመት ልጆች አሉ፣ ሰርቪሴ ውስጥ፣ ከአንተ የሚደፍሩ።

የገጹን ፎቶ ለወይዘሮ ፔቲግሩ ላክሁት። በማግስቱ ደወለች።

«እስቲ ልየው… አዎ። ኦክቶበር 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሜርል ኤ. ቫኔክ። ይህ አንተ ነህ?»

«ስሜ ነው» አልኳት። ስሜ ነው፤ አልዋሸሁም።

የሟች ልጅ እዚያ መዝገብ ላይ እንደማይፈርም ብታውቅ ኖሮ ያኔውኑ ትይዘኝ ነበር። አላወቀችም፤ ወይም ማወቅ አልፈለገችም።

«ልጄ፣ መቼም ይቻላል ካልን ይቻላል። ከቀብሩ ተነስቶ የነዳ ሰው በአሥር ሰዓት ተኩል እዚህ ሊደርስ ይችላል፤ ዳኛውም ይህንኑ ጠየቁኝ። እኔ ግን ‹ክቡርነትዎ፣ የገዛ ቤተሰቡን ቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ ድንበር የሚሻገር ምን ዓይነት ሰው ነው?› አልኳቸው። አንተ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እመቤቴ» አልኳት። ይኸኛው ውሸት ነበር።

ትናንት ዓርብ ወረቀቱ መጣ። ቅጣቱ ተሰርዟል። ጆዲ መንጃ ፈቃዴን አድሳ ስትሰጠኝ ከመስኮቱ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ልጆቼን እለቅማለሁ። ርዕሰ መምህሩም «አውቄው ነበር» አለ፤ ያላወቀውን ሁሉ አውቄው ነበር ማለት ይወዳል።

የዳኛውን ወረቀት ቅጂ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ሁለተኛውን አንቀጽ አንብበው። «ሜርል ኤ. ቫኔክ በተጠቀሰው ቀን በእናቱ ቀብር ላይ መገኘቱ ተረጋግጧል» ይላል። በእናቱ! በማኅተም። እንግዲህ በሕግ ፊት እዚያ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ሜርል ቫኔክ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ። አንተ አልመጣህም። ስሜን ለፖሊስ ሰጠህ፣ እኔም ስምህን ለዳኛ ሰጠሁ፤ መምጣትህን ወሰድኩብህ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ከሚገባህ በታች ነው ያደረግሁብህ።

ብላንሽ ሰላም በለው አላለችኝም፤ ሳንባውን ይታይ ብላለች። ዳርላንም እግዜር ይስጣት፣ ውሸት የማይሆንላት ሴት አንተን ይዛ እንዴት እንደኖረች እሱ ይወቅ። ጤና ይስጥህ። መሪ ከመያዝ ደግሞ ይጠብቅህ፤ ለአንተም ለመንገደኛውም ይበጃል።

አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ዘግይቶ የመጣው ሁሉ ከኋላ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ጋ ቆሞ ነበር ይላሉ። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ እኔ አንዴ ዞር ብዬ አይቻለሁ። አንተን ፍለጋ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያኔ እዚያ ነበርክ፣ ወይስ ወጥተሃል? ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

ልጅህ፣
ሜርል